እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ የዩኒቨርሲቲ ልጁን በምን ያግዛል?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ በእኛ በሰቆጣ ቤቱ ሁሉ ይሰናዳል። በሶ ይዘጋጃል፣ ጋቢ ይታጠባል፣ ዘመድ አዝማድ እንደ አቅሙ የመንገድ ይሰጣል። አንዱ ወልድያ፣ አንዱ ጎንደር፣ ሌላውን ዕጣው ጥሎት ጅማ ወይም ሐዋሳ ይሄዳል። ወላጅ የሚጨነቀው ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ መንገዱና ስለ ፀጥታው ነው። "ልጄ በእንግሊዝኛ መጻፍ ያቅተው ይሆን?" ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ብዙ አላጋጠመኝም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በስልክ የሚያለቅሱበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እኔ መምህር አይደለሁም። በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ የሥራ ዘመኔን በዋግ ኽምራ ጤና ጣቢያዎች ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ። ሰፈርተኛው ዛሬም "ሲስተር" ይለኛል፤ "እሷ እንግሊዝኛ ታውቃለች" እያለም ልጆቹን ከነወረቀታቸው ይልክብኛል። የእኔ እንግሊዝኛ የመድኃኒትና የካርድ እንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም ከነዚህ ልጆች ጋር ተቀምጬ ያየሁትን አንድ ነገር ለወላጆችና ለአያቶች ላካፍል። የልጆቹ ችግር ግማሹ ቋንቋ ነው፤ ግማሹ ሐሳብ ነው። በሐሳቡ በኩል ደግሞ በአማርኛም ሆነ በኽምጣና ማገዝ ይቻላል።

ልጆቹ እዚያ የሚደርሱት እንዴት ነው?

በዩኒቨርሲቲ ፈተና ብቻ አይደለም ያለው። "አሳይመንት" የሚሉት የቤት ሥራ፣ "ተርም ፔፐር" የሚሉት ረዘም ያለ ጽሑፍ፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የመመረቂያ ጥናት አለ። ከአገር ውስጥ ቋንቋ ትምህርት ክፍሎች በቀር ይህ ሁሉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ የእኛን ልጅ መንገድ እንይ። በብዙ የዋግ ገጠር ቤቶች ልጅ አፉን የሚፈታው በኽምጣና ነው። አማርኛውን ከገበያና ከትምህርት ቤት ይጨምራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲገባ፣ ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ደግሞ ማስተማሪያው ራሱ እንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የዋግ ልጅ የሚጽፈው በሦስተኛ ቋንቋው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ከ"ኤ" እስከ "ዲ" ካሉት አንዱን ማጥቆር ነው። ጎበዝ ተማሪ ሁለት ገጽ የራሱን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ይችላል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና በተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ የእንግሊዝኛ ክህሎት ኮርሶች መግባታቸው ለዚህ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተሠራበትን ነገር ሁለት ሴሚስተር አይጨርሰውም።

አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢማር ይሻለው ነበር" ይላል። የትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበ ሰፊ ጥናት ያገኘው ግን ሌላ ነው። ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ በእንግሊዝኛውም ቢሆን ወደ ኋላ አልቀሩም። ልጅ በቤቱ ቋንቋ ማሰብና ማስረዳት ከለመደ ሌላውን ቋንቋ የሚጭንበት መሠረት አለው ማለት ነው።

በቀይ የተመለሰው ወረቀት

የልጅ ልጄ ሰቆጣ ሳለች ከክፍሏ ከአንደኛ ወርዳ አታውቅም። ጤና አጠባበቅ ልትማር ሄደች። በሁለተኛ ዓመቷ አንድ ቀን ማታ ደወለችና "እማማ፣ አልቻልኩም። እንግሊዝኛዬ አይረባም። ዊዝድሮው ሞልቼ ልምጣ?" አለችኝ። ለእኛ ቤት ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የረገጠች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። አባቷ ፍየሎቹን ሸጦ ነው የላካት።

"መምጣቱስ ይቆይ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን አሳዪኝ" አልኳት። በዕረፍት ስትመጣ ይዛው መጣች። የተሰጣት ርዕስ እናቶች ለምን በጤና ተቋም እንደማይወልዱ የሚጠይቅ ነበር። ጽሑፉ አምስት ገጽ ነው። የሚጀምረው ጤና ለአገር ዕድገት እንደሚጠቅም በመናገር ነው። ከዚያ ጤና ምን ማለት እንደሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መቼ እንደተቋቋመ ይተርካል። እናቶቹ ብቅ የሚሉት በአራተኛው ገጽ ነው። መምህሩ በቀይ ሦስት ነገር ጽፈዋል፤ "ጥያቄሽ ምንድን ነው? ይህን ማን አለ? አንቺስ በምን አወቅሽ?"

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ስለ ሰዋስው አይደለም።

ወረቀቱን አጠፍኩና "በይ በአማርኛ ንገሪኝ። ልትዪ የፈለግሽው ምንድን ነው?" አልኳት። ዝም አለች። በአማርኛም አልነበራትም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ስናወራ ግን አንድ ነገር ወጣ። በደሃና በኩል ያለች አክስቷ በቤት የወለደችው የጤና ጣቢያን ጥቅም ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። ምጧ የመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ ገበያ ወርደው ቃሬዛ የሚሸከም ጠፋ።

"ይኸው ጽሑፍሽ" አልኳት።

"ይኼማ የእኛ አገር ወሬ ነው እማማ፤ መምህሩ አይቀበሉትም።"

"ሳትጠይቂ ከጻፍሽው ወሬ ነው። መምህርሽን አስፈቅደሽ፣ እናቶቹንም ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ከአሥራቸው ሰምተሽ ከጻፍሽው ማስረጃ ነው።"

እንዲያው አደረገች። ቤተ መጻሕፍት ገብታም ስትፈልግ ያንኑ የአክስቷን ነገር ዓለም ቀድሞ እንደጻፈበት አገኘች። ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድሉትን ሦስት መዘግየቶች ለይተዋል፤ ለመሄድ መወሰን ላይ የሚደርስ መዘግየት፣ መንገድ ላይ የሚደርስ መዘግየት፣ ተቋሙ ከደረሱ በኋላ የሚደርስ መዘግየት። የጽሑፋቸው ርዕስ በእኛ ቋንቋ "ለእግር የራቀ" እንደ ማለት ነው። እኛ ጤና ባለሙያዎች ስለ እናቶች ማቆያ ቤትና ስለ አምቡላንስ ስናወራ የምናነሣው ይህንኑ ትምህርት ነው። ልጅቱ ይህን ስታገኝ ደስታዋ ሌላ ነበር። የአክስቷ ገበያ ቀን ከሁለተኛው መዘግየት ጋር ገጠመላት።

ወርቁን ከላይ ማስቀመጥ

ልጆቻችንን የሚያደናግራቸው አንድ ነገር የአነጋገር ልማድ ነው። እኛ ሰው ቤት ሄደን ጉዳያችንን በር ላይ አንናገርም። ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እንጠይቃለን፤ ጉዳዩ የሚነሣው ቡናው ከቀረበ በኋላ ነው። ደብዳቤያችንም ከሰላምታው በኋላ ነው ነገሩን የሚያመጣው። በቅኔ ቤት ደግሞ ወርቁን ከሰሙ ሥር መሸሸግ የሊቅነት ምልክት ነው።

የእንግሊዝኛው ጥናታዊ ጽሑፍ በተቃራኒው ወርቁን ከላይ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ገጽ "የምጠይቀው ይህን ነው፣ የደረስኩበት ይህ ነው" ይላል፤ ከዚያ ያስረዳል። እያንዳንዱ አንቀጽም አንድ ሐሳብ ይይዛል፤ ሐሳቡም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይገለጣል። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1966 ተማሪዎች የየአገራቸውን የአጻጻፍ ልማድ ይዘው ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመጡ ጽፎ ነበር። በኋላ የመጡ ምሁራን ነገሩን ከልክ በላይ አቅልሎታል ብለው ተችተውታል፤ ትችታቸውም ተገቢ ነው፤ አንድ ሕዝብ አንድ ዓይነት አነጋገር ብቻ የለውምና። ለምሳሌ በሽማግሌ ፊት የቆመ ከሳሽ "በደሌ ይህ ነው" ብሎ ቀጥታ ይጀምራል። ልጃችሁን "እንደ እንግዳ አትጻፍ፤ እንደ ከሳሽ ጻፍ" ብትሉት ወዲያው ይገባዋል።

የእንዶዱ ታሪክ

ጥናታዊ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ለሰፈር ልጆች ሳስረዳ የምነግራቸው የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነው። እንዶድን የማያውቅ የደጋና የወይና ደጋ እናት የለም፤ ሳሙና በማይገኝበት ዘመን ጋቢና ነጠላ ያጸዳንበት ነው። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ።

ይህ ያዩት ነው። ቀጥሎ ጠየቁ፤ የገደላቸው እንዶዱ ይሆን? ከዚያ ሞከሩ። ሕያው ቀንድ አውጣ ወስደው የእንዶድ አረፋ ጨመሩበት፤ ሞተ። በቤተ ሙከራም የእንዶዱን ፍሬ አድቅቀው በልኬት ሞከሩት። ከዚያ ያገኙትን ጻፉ፤ ሌላ ሰው በሌላ አገር ያንኑ ደግሞ እንዲሞክረው አድርገው ጻፉት። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው የመስክ ሥራ በትናንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ።

ያየሁት፣ የጠየቅሁት፣ የሞከርኩበት መንገድ፣ ያገኘሁት፣ ትርጉሙ። ጥናታዊ ጽሑፍ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው። ልጆቹ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት እያሉ በእንግሊዝኛ ስሙ የሚሸመድዱት ከዚህ የተለየ አይደለም። የእንዶዱ ነገር የተጀመረው በመጽሐፍ ሳይሆን ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው በሚያጥቡ እናቶች ዘንድ መሆኑን ልብ በሉ።

"በምን አወቅህ?" የሚለውም ጥያቄ ለጤና ባለሙያ አዲስ አይደለም። እናት "ልጄ ከሳብኝ" ትላለች፤ ልክም ልትሆን ትችላለች። እኛ ግን የክንዱን ዙሪያ በሪባን እንለካለን። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ሕፃን ላይ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ይህን ቁጥር ሰቆጣ ያለችው ነርስም ናይሮቢ ያለው ሐኪምም እኩል ይረዱታል። ልጃችሁ "በአካባቢያችን ብዙ ሰው ይቸገራል" ብሎ ሲጽፍ መምህሩ የሚፈልጉት ሪባኑን ነው፤ ስንት ሰው፣ የት፣ መቼ፣ ማን ቆጠረው?

የሰው ቃልና የራስ ቃል

አሁን ወላጆችን በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር ልግባ። በትምህርት ቤትም በቆሎ ትምህርት ቤትም የመምህሩን ቃል ሳያጓድሉ መድገም ያስመሰግናል። በዩኒቨርሲቲ ግን የሌላውን ጽሑፍ ስሙን ሳይጠሩ እንደ ራስ ማቅረብ ኩረጃ ነው፤ ከኮርስ ያስጥላል፣ ከዚያም በላይ ያስቀጣል። ብዙ ልጆች ይህን የሚያደርጉት ለማጭበርበር አስበው አይደለም። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል ብለው ነው የሚቀዱት።

ልማዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህር ትርጓሜውን ሲያወርድ ከማን እንደተቀበለው ይናገራል። ሽምግልና ላይ "እገሌ ሲናገር ሰማሁ" እና "በዓይኔ አየሁ" አንድ አይደሉም። ዋቢ መጥቀስም ይኸው ነው፤ የሰማኸውን የሰማኸው ነው በል፣ ያየኸውን ያየሁት ነው በል።

የከፋው ሌላ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ በገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ አሉ። ልጅ "ለሪሰርች ብር ላኩልኝ" ሲል ወላጅ ሳይጠይቅ ይልካል። ላኩ፤ ግን ጠይቁ። ለሕትመት ነው? መረጃ ለመሰብሰብ የትራንስፖርት ነው? ይህ ተገቢ ወጪ ነው። የጠየቀው ገንዘብ ከዚህ ከበለጠና መልሱ ከተድበሰበሰ ፍየል ሸጣችሁ የምትገዙት የሌላ ሰው ጽሑፍ እንዳይሆን። ዛሬ ደግሞ ስልክ ላይ ጠይቀው በደቂቃ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ የሚያወጣ ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያ መጥቷል። ቃል ለማረም፣ ያልገባን ነገር ለመጠየቅ መምህሩ ከፈቀዱ ይጠቅም ይሆናል። ሙሉውን እንዲጽፍለት ያደረገ ልጅ ግን ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ አንድ ገጽ ሪፖርት ከፊቱ ሲቀርብለት እጁ ይታሰራል። በጤና ሙያ ደግሞ ሪፖርቱን የማይጽፍ ሰው የሚጎዳው ታማሚውን ነው።

ወላጅ የሚጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ልጃችሁ ጽሑፍ ሲሰጠው በስልክም ቢሆን፣ በምታውቁት ቋንቋ እነዚህን ጠይቁት።

1. ጥያቄህ ምንድን ነው? በአንድ ትንፋሽ ካልተናገረው ገና አልጠራለትም።

2. መልስህስ? "ገና አላውቅም" ካለ ጥሩ ነው፤ ፈልግ በሉት።

3. በምን አወቅህ? ያየው፣ የለካው፣ ያነበበው የትኛው እንደሆነ ይለይ።

4. ይህን ከአንተ በፊት ማን ብሎታል? ስሙንና ዓመቱን ይያዝ፤ በኋላ መፈለግ አድካሚ ነው።

5. እንዲህ አይደለም የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትመልስለታለህ? ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ያበረታዋል።

ከዚህ በኋላ የቋንቋው ሥራ ይቀራል፤ እሱም ቀላል አይደለም። ለዚህ አቋራጭ የለም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በየቀኑ ጥቂት ገጽ ማንበብ፣ በየቀኑ ግማሽ ገጽ መጻፍ፣ ሲጽፍ ስሕተቱን ትቶ ሐሳቡን መጨረስ፣ በማግሥቱ ማረም፣ ለጓደኛ ጮክ ብሎ ማንበብ። መምህሩ ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት ካለ ሳያፍር መሄድ። ከገጠር የመጣ ልጅ መምህር ማስቸገር ነውር ይመስለዋል፤ ነውር እንዳልሆነ ከእናንተ አፍ ይስማ።

የልጅ ልጄ ያንን ጽሑፍ እንደገና ጽፋ አስገባች። ያገኘችው ውጤት መካከለኛ ነው። የእንግሊዝኛ ስሕተቶቿ አሁንም አሉ፤ መምህሩም አሁንም በቀይ ያርማሉ። ዊዝድሮው የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ አላነሣችም። አሁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት፤ ሁለት የዝቋላ ልጆችን ደግሞ እሷ ታግዛለች።

የሰቆጣ ስም በዓለም የጥናት ጽሑፎች ውስጥ አዲስ አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ይባላል። ስለ ሕፃናቶቻችን፣ ስለ አበርገሌ ፍየል፣ ስለ ተከዜ ተፋሰስ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አብዛኛውን የጻፉት ግን ለጥቂት ሳምንት መጥተው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። እኔም መንገድ መርቻቸዋለሁ፣ አስተርጉሜላቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ጥሩ ሠርተዋል። የገበያ ቀን ቃሬዛ የሚሸከም እንደሚጠፋ ግን የእኛ ልጅ ሳትጠየቅ ታውቃለች። እሷ ከጻፈችው ጥናቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ካለ ዛሬ ማታ ስትደውሉለት "በላህ ወይ? ብር አለህ ወይ?" ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ "አሁን የምትጽፈው ስለ ምንድን ነው? እስኪ ንገረኝ።" ነግሯችሁ ካልገባችሁ "አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ" በሉት። ለእናንተ እስኪገባችሁ ሲያስረዳ ለመምህሩ የሚጽፈውን እየተለማመደ ነው።